ዲላ ላይ ማይኩ የማን ነው?

በሰኔ 2010 የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ፋታ አልነበራቸውም። ሰኔ 16 የመስቀል አደባባዩ ሰልፍ ነበር፤ ሐምሌ 1 ደግሞ የአስመራው ጉዞ። ዘፈኑም፣ ባንዲራውም፣ ዕንባውም በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። በዚያው ሰሞን ከዲላ ወደ ገደብ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ያላለቁ ሕንፃዎች በሰው ተጨናንቀው ነበር። በሚያዝያ የፈነዳው የጌዴኦና የጉጂ ግጭት በሰኔ አገርሽቶ፣ ሐምሌ ሲገባ የተፈናቃዩ ቁጥር 958 ሺሕ ደርሷል ተባለ። 748 ሺሑ በጌዴኦ ዞን፣ 210 ሺሑ በምዕራብ ጉጂ። የ1999ኙ ቆጠራ ለጌዴኦ ዞን የመዘገበው ጠቅላላ ሕዝብ 847,434 ነበር። እንግዲህ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በመላው ዞኑ ከተቆጠረው ሰው ጋር ሊተካከል ምንም ያልቀረው ሕዝብ፣ ቤት አጥቶ በዚያችው ጠባብ ዞን ውስጥ ተጠልሎ ነበር።

ይህ ሕዝብ ወደ አገሩ ጆሮ የገባው በቁጥር ነው። ቁጥሩን የረድኤት ድርጅቶች በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ አዲስ አበባ ላይ ተተርጉሞ ተነበበ። የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማዕከል በፈረንጆቹ የ2018ን ዝርዝር ሲያወጣ፣ በግጭት ሳቢያ አዲስ በተፈናቀለ ሰው ብዛት ኢትዮጵያ በ2.9 ሚሊዮን ከዓለም አንደኛ ሆና ተገኘች። በመጋቢት 2011 ደግሞ ከገደብ ወረዳ፣ ከጎቲቲ፣ የተራቡ ሰዎች ፎቶዎች በየስልኩ ተዘዋወሩና አገር ደነገጠ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደው ጎበኙ። ግንቦት ላይ መንግሥት ሰዉን ወደየቀዬው መመለስ ሲጀምር «በፈቃዳቸው ነው» አለ፤ የረድኤት ድርጅቶች «አይደለም፣ እርዳታ እየተቋረጠባቸው ነው የሚመለሱት» አሉ።

ሁለቱ ሲከራከሩ፣ ስለ እሱ የሚወራለት ሰው ራሱ የት ነበር? ከቀርጫ የሸሸች እናት በገዛ ቋንቋዋ «እመለሳለሁ» ወይም «እፈራለሁ፣ አልመለስም» የምትልበት፣ ትናንት ጎረቤቷ የነበረችው የጉጂ ሴት ደግሞ ይህን ሰምታ የምትመልስበት ጣቢያ የት ነበር? ሁለቱም ወገን፣ መንግሥትም ሆነ ረጂ፣ ስለ ፈቃዷ በእርግጠኝነት ተናግሯል። እሷ ግን ያንን የምትናገርበት ማይክ አልነበራትም።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጉዳይ በጌዴኦ መነሣት ያለበት ከዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን በሆቴል አዳራሽ፣ በፕሮጀክት ቋንቋ ነው፤ «የመረጃ ተደራሽነትን ማሳደግ»፣ «የአርሶ አደሩን ግንዛቤ ማጎልበት» እየተባለ። ግንዛቤ የጎደለው ማን ሆኖ ነው? የጌዴኦ ገበሬ በዚያ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ደራርቦ ሲያኖር ማንም አላስተማረውም። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ሪያድ ላይ መልክዓ ምድሩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያደነቀው ይህንኑ ዕውቀት ነው። ከዚያም በፊት በ1999 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ሲስማሙ «ይርጋ ጨፌ» የሚለው ስም ባለቤት እንዳለው ዓለም አወቀ። መሬቱ ተመዘገበ፣ ስሙም ተመዘገበ። እዚያ የሚኖረው ሰው ግን ዛሬም በሌላ ሰው አፍ ነው የሚናገረው።

«ሬዲዮማ አለ እኮ!» የሚል መልስ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። አዎ፣ አለ። የክልሉ መንግሥት መገናኛ ብዙኃን ዲላ ላይ ቅርንጫፍ አለው፣ በጌዴኡፋም ይተላለፋል። እዚያ የሚሠሩት ጋዜጠኞች በትንሽ ደመወዝ ብዙ ይለፋሉ፤ ነገሩ ከእነሱ ጉብዝና ጋር አይያያዝም። የሚያያዘው አለቃቸው ማን ከመሆኑ ጋር ነው። በየትኛውም የመንግሥት ቅርንጫፍ ጣቢያ የሚነበበውን የአካባቢ ዜና አንድ ሳምንት በጥሞና ያዳመጠ ሰው ግሦቹን በቃሉ ይይዛቸዋል፤ «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ»፣ «ጥሪ አቀረቡ»። ባለቤቱ ሁልጊዜ ኃላፊ ነው። ገበሬው የሚመጣው በመጨረሻ ላይ፣ «አስተያየታቸውን ከሰጡን ነዋሪዎች መካከል» ተብሎ ነው፤ እሱም ለማመስገን። ማማረር ያማረው ነዋሪ ዜናው ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቢኖረውም «ቅሬታው ተገቢ መሆኑን የገለጹት ኃላፊው» ወዲያው ተከትለው ይመጣሉ።

ይህ የመንግሥት ሬዲዮ ነው፤ መንግሥት ሬዲዮ ቢኖረው አይገርምም። የሚገርመው ይህንኑ ይዞ «የሕዝብ ድምፅ አለን» ማለቱ ነው።

በዚያ ላይ የመንግሥት ጣቢያ ከመንግሥት ጋር ይንከራተታል። ለዓመታት የደቡብ ሬዲዮ ማዕከሉ ሐዋሳ ነበር። በሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነች። በነሐሴ 2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚባል አዲስ ክልል ተመሥርቶ ጌዴኦ እዚያ ገባ፣ ዲላም ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆነች። ክልል በተቀየረ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ማኅተሙ፣ አለቃው፣ የበጀት ኮዱ ይቀየራል። ለዓመታት የተቀረጸው የሽማግሌ ድምፅ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ግን የለም። የማኅበረሰቡ የሆነ ጣቢያ ቢኖር የክልል ወሰን ስለተሠመረ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።

ሕጉስ? ሕጉ በወረቀት ላይ ክፉ አይደለም። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ብሮድካስትን በሦስት ከፈለው፤ የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ። የማኅበረሰብ ጣቢያ ማኅበረሰቡን በፕሮግራም ዝግጅት እንዲያሳትፍ፣ የማኅበረሰቡን ቋንቋ እንዲጠቀም፣ ገቢውን ለጣቢያው ሥራ ብቻ እንዲያውል አዘዘ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ይዞት ቀጠለ። ከመጀመሪያው አዋጅ በኋላ ፈቃድ ካገኙት መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮሬ፣ የየም፣ የከምባታና የካፋ ጣቢያዎች ይገኛሉ። ኮሬ ለጌዴኦ ሩቅ አገር አይደለም። እንግዲህ ነገሩ ያልተሞከረ፣ ከሰማይ የሚወርድ ሐሳብ ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

ይሁን እንጂ የአገራችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ታሪክ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ጣቢያው በረጂ ገንዘብ ይከፈታል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ መብራትና ጥገና የሚከፍል ይጠፋል። በጎ ፈቃደኞቹ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳሉ። ያኔ ወረዳው ወይም ዞኑ በጀት ይዞ ይደርሳል፣ ከበጀቱ ጋር የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አብሮ ይደርሳል። ፈቃዱ ላይ «የማኅበረሰብ» የሚለው ቃል እንዳለ ይቀራል፤ ከማይኩ ጀርባ የሚቀመጠው ሰው ግን ይቀየራል። ማንም ጣቢያውን አልወረሰም፤ ዝም ብሎ ወደ መንግሥት እጅ ተንሸራተተ። ከመዘጋት የከፋው አወዳደቅ ይህ ነው፤ የተዘጋ ጣቢያ ቢያንስ እንደሌለ ይታወቃልና።

ሁለተኛው መንሸራተቻ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ማለት ብዙ ሰው ያስቀይማል፣ ምክንያቱም የዲላ ዩኒቨርሲቲ ለከተማዋ ብዙ አድርጓል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ ዲላን ሌላ ከተማ አድርጓታል። መሣሪያ፣ መሐንዲስ፣ የጋዜጠኝነት መምህር ያለው እዚያ ነው። ለዚህም ነው በየትኛውም ከተማ «የማኅበረሰብ ሬዲዮ» ሲባል ሁሉም ዓይኑን ወደ ካምፓሱ የሚያዞረው። የካምፓስ ጣቢያ ግን የተማሪ መለማመጃ ነው። በክረምት ተማሪው ይበተናል፤ በየሦስትና አራት ዓመቱ አዲስ ድምፅ ይመጣል፤ የጣቢያው የመጨረሻ ኃላፊ በመንግሥት የተሾመ ፕሬዚዳንት ነው። የቡሌ ገበሬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚጣራ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

የሕንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በፈረንጆቹ 1995 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአየር ሞገድ የሕዝብ ንብረት ነው ብሎ ፈረደ፤ የሚገርመው፣ ክርክሩ የተነሣው በክሪኬት ጨዋታ ስርጭት ነበር። መንግሥት በ2002 ሞገዱን ሲከፍት ግን የሰጠው ለትምህርት ተቋማት ብቻ ነበር። ለሕዝብ ማኅበራት የተፈቀደው በ2006 ነው። ከዚያ በኋላ በ2008 በደቡብ ሕንድ፣ ፓስታፑር አካባቢ፣ ከዝቅተኛው መደብ የሆኑ፣ አብዛኞቹ ገበሬ የሆኑ ሴቶች ሳንጋም ሬዲዮን ራሳቸው ከፍተው ራሳቸው ማሠራጨት ጀመሩ። ስለ ዘር፣ ስለ እህል፣ ስለ ቤታቸው ያወራሉ። ዩኒቨርሲቲዎቹ እስኪጨርሱ ቢጠበቅ ኖሮ እነዚያ ሴቶች እስከ ዛሬ አድማጭ ብቻ ይሆኑ ነበር። ዲላ ዩኒቨርሲቲ አንቴናውን ይጠግን፣ ወጣቱን ያሠልጥን፤ የባለቤትነት ወረቀቱን ግን አይያዝ።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ። በሥልጣን ላይ ያሉትም፣ ክፉ ቀን ያዩ ቅን ሰዎችም የሚሉት አለ፦ «ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ በብሔረሰብ ቋንቋ ማይክ ለሕዝብ መልቀቅ በቤንዚን ላይ ክብሪት ነው። ሩዋንዳን አላያችሁም?»

ሩዋንዳን በደንብ ማየት ነው። በ1985 በእኛ አቆጣጠር ኪጋሊ ላይ የተከፈተው ሬዲዮ ሚል ኮሊን የማኅበረሰብ ጣቢያ አልነበረም። በአክሲዮን የተቋቋመ፣ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ የሆኑ ሰዎች ከኋላው የነበሩበት፣ ከዋና ከተማ ወደ ገጠር የሚናገር ጣቢያ ነበር። አንድ ወገን ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ይታደናል። የሩዋንዳ ትምህርት «ማይክ ለሕዝብ አትስጡ» ከሆነ፣ ትምህርቱ ተገልብጦ ተነቧል። አደጋው ማይኩ በጥቂቶች እጅ ሲሆንና ተጠያቂነት ሲጠፋ ነው።

ደግሞስ በ2010 እሳቱን ያቀጣጠለው የትኛው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው? አንድም አልነበረም። ወሬው በስልክ፣ በፌስቡክ፣ በገበያ ሄደ። እንዲህ ያለው ወሬ ገደብ ላይ «ሁለት ሰው ተጣላ» ሆኖ ቢነሣ ጨለለቅቱ ሲደርስ «መንደር ተቃጠለ» ሊሆን ይችላል፤ ዲላ ሲገባ ቁጥርም ስምም ይጨመርበታል። ይህን ወሬ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቋንቋ፣ ሰዉ በሚያምነው ድምፅ «ቆዩ፣ እዚያ ያለውን ሰው በስልክ እናግኘው» የሚል ጣቢያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ጣቢያ ይህን አይችልም፤ ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። የመንግሥት ቅርንጫፍም አይችልም፤ ከላይ «ይነገር» እስኪባል ይጠብቃል። መንግሥት ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ሰው ወሬውን ያምናል፤ «እውነት ባይሆን ኖሮ ያስተባብሉ ነበር» ይላል።

እዚህ ላይ ግን የጌዴኦ ተሟጋቾችም የሚዋጥላቸው የማይመስል ነገር አለ። ጌዴኦ ዞን ወደ ኦሮሚያ ውስጥ እንደ ምላስ የገባ ቀጭን መሬት ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ የክልል ወሰን አያውቅም። ይርጋ ጨፌ አካባቢ ካለ ጉብታ ላይ አንቴና የተከለ ሰው፣ ወደደም ጠላም በጉጂ ቤቶች ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ጉጂው ስለ ራሱ ሲወራ ከሩቅ የሚሰማ ጠላት አድማጭ ይሆናል፣ ወይም ጣቢያው ውስጥ ወንበር ያለው ባለቤት ይሆናል። ሁለቱ ሕዝቦች ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የጋራ ሥርዓት አላቸው። በጎንዶሮ አንዱ ወገን ብቻውን ተናግሮ፣ ሌላው በሌለበት ዕርቅ የለም። ሬዲዮውም ከዚህ ያነሰ ደንብ ሊኖረው አይገባም። በኦሮምኛ የሚተላለፈውን ሰዓት የሚያዘጋጁት ጉጂዎች ይሁኑ፤ በቦርዱም ይቀመጡ። በዲላ ከተማ የኖረው አማራ፣ ጉራጌ፣ ስልጤ፣ ሲዳማ ነጋዴም እንዲሁ። «የጌዴኦ ሬዲዮ» ብሎ ለአንድ ብሔረሰብ ብቻ የሚከፈት ጣቢያ ከመንግሥት ጣቢያ የተሻለ ነው ብሎ መማል አይቻልም።

«ሶንጎ አለን፣ እንደ ሶንጎው ይሁን» የሚሉም አሉ፤ ሐሳቡ ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበት፣ ከሳሽም ተከሳሽም ሳይቋረጥ የሚናገርበት ሸንጎ ነው። የባሌ ሥርዓትም ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ማስረከብን ያውቃል፤ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ የቦርድ ሰብሳቢን ጌዴኦ ከባህሉ አላገኘውም። ይህን ሁሉ ለጣቢያው መዋስ መልካም ነው። ነገር ግን በሶንጎ ዋናው ተናጋሪ ማን ነው? ወንድ፣ ያውም ሽማግሌ። ቡናውን የምትለቅመውና በእጇ አገላብጣ የምታደርቀው፣ ቆጮውን የምትፍቀው፣ ዲላ ገበያ አቮካዶና ሙዝ ዘርግታ የምትውለው ሴት በዚያ ጥላ ሥር የራሷ ወንበር የላትም። ሬዲዮው ሶንጎን በሞገድ ላይ ብቻ ከደገመው፣ ዝም የተባሉትን በአዲስ መሣሪያ ዝም ማሰኘት ይሆናል። ከቦርዱ መቀመጫ ግማሹ የሴቶች ይሁን ሲባል «ባህላችንን» የሚል ሰው ከተነሣ፣ ባህሉን ወይስ ወንበሩን እንደሚከላከል ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ወጣቱ በበኩሉ ሌላ መልስ አለው፦ «ሬዲዮ አርጅቷል፤ ዘመኑ የፖድካስት ነው። ስልክ ይበቃል፣ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ማንም አይከለክለንም።»

ከዚህ ውስጥ እውነቱን መውሰድ ነው። ፖድካስት ርካሽ ነው፤ ፕሮግራሙ አየር ላይ በኖ አይቀርም፣ ይቀመጣል። ስለ ጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች፣ ስለ 1952ቱ የሚቺሌ አመፅ የሚያውቁ አዛውንቶች በየዓመቱ እየተቀነሱ ነው፤ አንድ ወጣት በስልኩ ቢቀርጻቸው ማንም ጣቢያ ያልሠራውን ሠራ ማለት ነው። በውጭ ያለው የአካባቢው ተወላጅም በቴሌግራም ይሰማዋል። እሰዬው!

የአብዛኛው የአማርኛ ፖድካስት ሁኔታ ግን ይታወቃል። አዲስ አበባ፣ ሁለት ሶፋ፣ ሁለት ማይክ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ስኬት የሚያወራ እንግዳ። ጌዴኡፋ የሚናገር ገበሬ እዚያ ሶፋ ላይ የሚቀመጥበትን ቀን መጠበቅ ዘበት ነው። ዲላ ላይ በጌዴኡፋ ቢሠራ ደግሞ ማን ይሰማዋል? በገጠር ስማርት ስልክ ካለ የሚያዘው አባወራው ወይም ልጁ ነው፤ ፓኬጅ የሚገዛውም እሱ ነው። በአንፃሩ ቡና ውስጥ የምትውል ሴት ትንሿን ሬዲዮ ዛፍ ላይ ሰቅላ ሥራዋን እየሠራች ትሰማለች፤ ማንበብ አይጠየቅባትም፣ ካርድ አይሞላም። «ማንም አይከለክለንም» የሚለውም የዋህነት ነው። በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ያን ጊዜ ፖድካስት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሬዲዮ ግን ይሰማ ነበር። ስልክ መቅረጫው፣ ሬዲዮ ማድረሻው ቢሆን ይሻላል። ከሬዲዮው የተላለፈው በሚሞሪ ካርድና በቴሌግራም ይዘዋወር፤ በስልክ የተቀረጸው ደግሞ በሬዲዮ ይተላለፍ። ሁለቱን ማጣላት የሚጠቅመው ሁለቱንም ለማይፈልግ ሰው ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል። የረጂ ገንዘብ መነሻ ይሁን፣ መኖሪያ ግን አይሁን። የመንግሥት በጀት ከተወሰደም በዓመት አንዴ በሕግ የተወሰነ፣ ከዜናው ጋር የማይያያዝ ይሁን። ዋናው ገንዘብ ከአድማጩ ካልመጣ ጣቢያው የአድማጩ አይሆንም። ይህ ደግሞ በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ እድር አለ። እድር በየወሩ ትንሽ ብር ይሰበስባል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይመርጣል፣ ደብተር ይይዛል፣ ዳኛው ካጠፋ ያወርደዋል። ያለ ፕሮጀክት፣ ያለ ሎግፍሬም፣ ከአንድ ትውልድ በላይ የኖሩ እድሮች ብዙ ናቸው። አንድ ሺሕ እድርተኛ ቀብር ማስተዳደር ከቻለ፣ የሬዲዮ መብራት መክፈል አያቅተውም። ለዚያ ላይ ማስታወቂያው አለ፤ የለቅሶ መርዶ፣ የጠፋ በሬ፣ የሚሸጥ ባጃጅ፣ የሠርግ ጥሪ። ከተማ ያለው ሰው ይህን ይንቀዋል፤ ገጠር ጣቢያን በእግሩ የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

ቡናውም አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወቅት ሰብሳቢው በየመንደሩ እየዞረ ዋጋ ይናገራል፤ ገበሬው የሌላውን መንደር ዋጋ እስኪሰማ ቡናው ከእጁ ወጥቷል። እሸት ደግሞ አይቆይም፤ በዕለቱ ካልተሸጠ ይበላሻል። «ዛሬ ወናጎ ላይ አንድ ኪሎ እሸት ስንት ዋለ? ኮቸሬስ?» ብሎ በየማታው ከገበሬዎች በስልክ ሰምቶ የሚያስተላልፍ የአምስት ደቂቃ ፕሮግራም፣ ስለ ቡና ጥራት ከሚሰጥ የአንድ ዓመት ሥልጠና ይበልጣል። ለዚህ ፕሮግራም ሲል ገበሬው በወር ትንሽ ብር አይከፍልም የሚል ሰው ገበሬ አያውቅም። በ1994 የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየንም፣ ሌሎች ማኅበራትም፣ ባለሀብት ላኪዎችም ይደግፉ፤ ግን የማንም ድርሻ ከተወሰነ መጠን እንዳይበልጥ ደንቡ ላይ ይጻፍ። ስለ እሸት ዋጋ የሚያወራ ጣቢያ በአንድ ቡና ነጋዴ ገንዘብ ከቆመ፣ ዋጋው የሚነገርበት ማታ መብራት «ሊጠፋ» ይችላል።

መንግሥትም ማይኩን በደስታ አይለቅም። በሐምሌ 2011፣ የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ በጋለበት ሳምንት፣ የሲዳማ ሚዲያ ኔትዎርክ ኃላፊዎች ታስረው ነበር፤ ከዲላ ሐዋሳ ሩቅ አይደለም፣ ሁሉም ሰምቷል። በሚያዝያ 2017 ምክር ቤቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጁን ሲያሻሽል ደግሞ ፈቃድን የመሰረዝ ሥልጣን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ተሻገረ። ትልቅ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ይህን ሊቋቋም ጠበቃ አለው፤ የገጠር ጣቢያ ጠበቃ የለውም። ያለው አባላቱ ብቻ ናቸው። አሥር ሺሕ ሰው በየወሩ የሚከፍልበትን ጣቢያ መዝጋት በአንድ ረጂ ደብዳቤ የቆመን ጣቢያ እንደመዝጋት አይቀልም።

ስለዚህ የዞኑ ምክር ቤት አባላት በሚቀጥለው ስብሰባቸው የሚጠየቁት ብዙ አይደለም። ለአንቴና የሚሆን ቦታ ይስጡ፤ የመብራት መስመር ይፍቀዱ፤ የምሥረታ ጉባኤው በየወረዳው ያለ ካድሬ እንዲካሄድ ይተዉ። የፈቃድ ማመልከቻው ላይ የአመልካች ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ስም ካለ፣ ባለሥልጣኑ «የማኅበረሰብ» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይህን ቦርድ የመረጠው ማን ነው? ሊያወርደው የሚችለውስ ማን ነው? በ2010 ዲላ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ካደሩት፣ ወይም ከጉጂ በኩል ቤታቸው ከተቃጠለባቸው ሰዎች መካከል ቦርዱ ውስጥ ስንት አሉ?